አራት ሕመም በአንድ ሰው፦ ስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም ከስኳር፣ ከታይሮይድና ከለምጽ ጋር ለምን ይገናኛል?

የጻፉልኝን ጥያቄ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉት በአጭሩ ላስቀምጠው። ታላቅ እህትዎ የ44 ዓመት ሴት ናቸው፤ ከ9 ዓመት ወዲህ ኢንሱሊን ይወጋሉ፣ የታይሮይድ ዕጢያቸው በቂ ሆርሞን ስለማያመነጭ በየጠዋቱ ሌቮታይሮክሲን ይውጣሉ፣ በእጃቸው ጀርባና በከንፈራቸው ዙሪያም ለምጽ ወጥቶባቸዋል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወገባቸውና ሆዳቸው እየደረቀ መጥቶ፣ እዚህ ጅማ መርካቶ ጋ መንገድ ሲሻገሩ ባጃጅ ክላክስ ባደረገ ቁጥር መላ ሰውነታቸው ይገተርና ይወድቃሉ፤ ግንባራቸውንም ተፈንክተዋል። ከብዙ ምልልስ በኋላ ደማቸው ወደ ውጭ አገር ተልኮ ሲመረመር ሕመሙ ስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም (ጡንቻን የሚያገትር የነርቭ ሕመም) መሆኑ ተነገራችሁ። ከእኔ ማወቅ የፈለጉት ሦስት ነገር ነው። አራቱ ሕመሞች በእርግጥ አራት ናቸው ወይስ አንድ? ኢንሱሊኑ ወይም የታይሮይዱ ክኒን አምጥቶባቸው ይሆን? በቅርቡ ስኳር የተገኘባት የ19 ዓመት ልጃቸው ደም ውስጥም በእናቷ ደም የተገኘው፣ ጋድ በሚባል ፕሮቲን ላይ የሚነሳው ፀረ-አካል (መከላከያ ሥርዓቱ ለማጥቃት የሚያመርተው ነገር) ታይቷልና፣ እሷም እንደ እናቷ ትገተር ይሆን?

እንቅልፍ የነሳዎት የመጨረሻው ጥያቄ እንደሆነ ከአጻጻፍዎ ስለተረዳሁ እሱን ላስቀድም። ልጅቷ እንደ እናቷ የመታመም ዕድሏ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ። ኢንሱሊኑም ሆነ ሌቮታይሮክሲኑ ይህን ሕመም አላመጡም፤ ሁለቱም ሰውነት ማምረት ያቃተውን ሆርሞን የሚተኩ ናቸውና በፍጹም እንዳይቋረጡ። አራቱ ሕመሞች ደግሞ እያንዳንዳቸው የሚጎዱት አካል የተለያየ ስለሆነ፣ የሚታከሙትም በየራሳቸው መንገድ ስለሆነ አራት ናቸው፤ የበቀሉበት ዝንባሌ ግን አንድ ነው፤ እሱም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ የማጥቃት ዝንባሌ ነው። ይህ ዝንባሌ ያለበት ሰው አንዱ ሕመም ከያዘው በኋላ ሌላው ቢጨመርበት ሐኪም አይገረምም። የሚያሳዝነው ግን ያው መደራረብ ምርመራውን ሲያግዝም ሲያሳስትም የሚኖር መሆኑ ነው፤ በዚህ ምላሽ ብዙ የምቆየውም እዚያ ላይ ነው።

ስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም ከአንድ ሚሊዮን ሰው መካከል አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ የሚገኝ ሕመም ሲሆን፣ ሴቶችን ከወንዶች በእጥፍ ያህል ይይዛል። በ1956 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሞርሽና ዎልትማን የተባሉ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች የ14 ሕሙማንን ታሪክ ሰብስበው ካሳተሙ በኋላ ነው ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የታወቀው። ጤነኛ ሰው አንዱን ጡንቻ ሲያኮማትር ተቃራኒው ጡንቻ እንዲላላ ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ትእዛዝ ይወርዳል፤ ይህን የማላላት ትእዛዝ ከሚያደርሱት ኬሚካሎች ዋናው ጋባ ይባላል። ጋባን የሚሠራው ኢንዛይም ደግሞ ጋድ ነው። በእህትዎ ሕመም መከላከያ ሥርዓቱ በጋድ ላይ ፀረ-አካል ያመርታል፤ የማላላቱ ትእዛዝ ይዳከማል፤ የጀርባና የሆድ ጡንቻዎችም በአንድነት ተኮማትረው ይቀራሉ። ድንገተኛ ድምፅ፣ ያልታሰበ ንክኪ፣ ቅዝቃዜ ወይም ንዴት ሲጨመርበት የደረቀው ጡንቻ ይበልጥ ይጨብጣል፤ እጅም እግርም አብሮ ስለሚገተር ታማሚው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ራሱን ማዳን አይችልም። እህትዎ ግንባራቸውን የተፈነከቱት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መደራረቡ እንምጣ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ የዚህ ፀረ-አካል ግኝት ነው። በ1988 ሶሊሜናና ዴ ካሚሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በጋድ ላይ የሚነሳውን ፀረ-አካል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገልጹ፣ ያገኙበት ታማሚ የሰውነት መገተር ብቻ ሳይሆን የሚጥል በሽታና ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር ሕመምም ነበረበት። እነሱ የሚፈልጉት የነርቩን ምስጢር ነበር። በሌላ በኩል የስኳር ተመራማሪዎች ከ1982 ጀምሮ በአንደኛው ዓይነት ስኳር (መከላከያ ሥርዓቱ በሚያመጣው) ሕሙማን ደም ውስጥ፣ በቆሽት ውስጥ ያለን አንድ ፕሮቲን የሚያጠቃ ፀረ-አካል እንዳለ ያውቁ ነበር፤ የፕሮቲኑን ማንነት ግን መለየት አቅቷቸው በክብደቱ ብቻ ይጠሩት ነበር። በ1990 ያ ፕሮቲን ራሱ ጋድ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሆነው ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሕዋሳትም እንደ አንጎል ሕዋሳት ጋድ ስላላቸው ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ስኳር ሲይዘው ዓይነቱን ለመለየት የሚታዘዘው የጋድ ምርመራ፣ ከሚሊዮን አንድ ሰው ከሚይዝ የነርቭ ሕመም የተገኘ ፍሬ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም ካለባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ የአንደኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው መሆኑ አያስደንቅም። በአንዳንዱ ስኳሩ ቀድሞ ይመጣል፣ በአንዳንዱ መገተሩ፤ በመካከላቸውም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ታዲያ ዒላማው አንድ ከሆነ፣ ስኳር ያለበት ሁሉ ለምን አይገተርም? አዲስ የአንደኛው ዓይነት ስኳር ከሚገኝባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህ ፀረ-አካል አላቸው፤ ከእነሱ መካከል የነርቩ ሕመም የሚይዘው ግን እጅግ ጥቂቱን ነው። መልሱ በመጠንና በዓይነት ይገኛል። በስኳር ብቻ በተያዘ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን ዝቅተኛ ሲሆን፣ በስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም ግን በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይልቃል። ሁለቱ ፀረ-አካላት የሚይዙት የፕሮቲኑ ክፍልም ይለያያል፦ የስኳሩ በአብዛኛው የፕሮቲኑን የታጠፈ ቅርጽ ሲያውቅ፣ የነርቩ ግን ቅርጹ ተፍታቶ እንኳ ይለየዋል። በዚያ ላይ ጋድ የሚኖረው በሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ፀረ-አካሉ ራሱ ጎጂው ይሁን ወይስ የሌላ ጥቃት ምልክት ገና ያከራክራል፤ በስኳር ሕመም የቆሽት ሕዋሳትን በቀጥታ የሚያወድሙት በዋነኛነት ቲ ሕዋስ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው።

የእህትዎን ልጅ ጉዳይ ከዚህ አንጻር ይመልከቱት። በላኩልኝ የውጤት ወረቀት ላይ የእናትየው መጠን ቤተ ሙከራው ሊለካው ከሚችለው ጣሪያ በላይ ስለሆነ በ«ይበልጣል» ምልክት ነው የተጻፈው፤ የልጅቱ ግን ከመደበኛው ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ሁለቱም ወረቀቶች ላይ «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል ስላለ ቤተሰቡ አንድ ውጤት አድርጎ አነበበው። የልጅቱ ወረቀት የሚናገረው ስኳሯ መከላከያ ሥርዓቱ ያመጣው መሆኑንና ኢንሱሊን እንደሚያስፈልጋት ብቻ ነው። አትገተርም፣ አትወድቅም፣ በድምፅ አትደነግጥም፤ ስለዚህ ስለ ነርቭ ሕመም ምንም አይነግረንም። ይህ ፀረ-አካል በዝቅተኛ መጠን ስኳርም ሆነ ሌላ ሕመም በሌለባቸው ጥቂት ጤነኛ ሰዎች ላይ እንኳ ይታያል። ምርመራውን በየጊዜው ማስደጋገምም አይጠቅምም፤ ገንዘቡን ለስኳር መለኪያ ስትሪፕ ብታውሉት እመርጣለሁ። ለእናትየውም ቢሆን የመጠኑ መውጣትና መውረድ ከሕመሙ መባባስና መሻል ጋር አብሮ ስለማይሄድ መድገም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ለጅማና ለአካባቢዋ አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ወጣትና ቀጭን ሆኖ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሁሉ መከላከያ ሥርዓቱ ያመጣው ስኳር አለበት ማለት አይደለም። በአገራችን ገጠር በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም እንዳለ ሐኪሞች ለረዥም ጊዜ ሲናገሩ ኖረዋል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 ዓይነት 5 የሚል ስም ሰጥቶታል። በእንዲህ ያለው ስኳር ፀረ-አካሉ አይገኝም፣ የመደራረቡ ስጋትም አይከተልም። እንቅርትም እንዲሁ ነው። በደቡብ ምዕራብ ደጋ ያደገች ሴት አንገቷ ላይ እብጠት ቢኖራት ከመከላከያ ሥርዓት ይልቅ የአዮዲን እጥረት ምክንያት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን የምለው አንድ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት አጎትና እንቅርት ያለባት አያት ስላሉ ብቻ «የእኛ ዘር ሰውነቱን ይበላል» የሚል ድምዳሜ ላይ እንዳይደረስ ነው።

የእህትዎ ታይሮይድና ለምጽ ግን ከዚሁ ቤተሰብ ለመሆናቸው አልጠራጠርም። ከስኳሩ በተለየ መልኩ ሁለቱን ከነርቩ ሕመም ጋር የሚያገናኛቸው ጋድ አይደለም፤ በታይሮይድ የሚጠቃው የዕጢው የራሱ ፕሮቲን ነው፣ በለምጽም የቆዳን ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ናቸው። የሚያገናኛቸው ውርስ ነው። መከላከያ ሥርዓቱ ባዕድና ዘመድ የሚለይባቸው ኤችኤልኤ የሚባሉ የዘር ቅንጣቶች አሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ የአንደኛው ዓይነት ስኳር፣ የታይሮይድ ሕመምና ስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ይገኛሉ። የሚወረሰው ዝንባሌው እንጂ ሕመሙ አይደለም። ለማነጻጸር ያህል፣ የአንደኛው ዓይነት ስኳር ካለባት እናት ከሚወለዱ 100 ልጆች መካከል ያው ስኳር የሚይዛቸው ከ5 በታች ናቸው። ስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሰው መያዙ ደግሞ እጅግ ብርቅ ነው። ለምጽን በተመለከተ ሰዎች ከሥጋ ደዌ ጋር እያምታቱ እህትዎን ሲሸሿቸው እንደነበር ጽፈዋል፤ ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከሥጋ ደዌም ጋር ዝምድና የለውም።

የመደራረቡ ጥቅም ይህ ነው፦ ወገቡ የሚደርቅና በድምፅ የሚገተር ሰው ኢንሱሊን የሚወጋ፣ የታይሮይድ ክኒን የሚውጥና ለምጽ ያለበት ከሆነ ሐኪሙ ይህን ብርቅ ሕመም ቶሎ ማሰብ አለበት። እህትዎ ግን፣ እንደ ብዙዎቹ ሕሙማን፣ ለረዥም ጊዜ «የወገብ ዲስክ ነው»፣ ቀጥሎም «ጭንቀት ነው» ሲባሉ ቆይተዋል። ጭንቀት መባሉ የሚመጣው ሕመሙ ራሱ ፍርሃት ስለሚያመጣ ነው፤ ሜዳ ላይ ያለ መደገፊያ መቆምና መንገድ መሻገር ያስፈራቸዋል፣ ሰው ሲያያቸው ይብስባቸዋል፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዘው ግን ደህና ይራመዳሉ። ይህን ያየ ሰው ታማሚዋ ያስመሰሉ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሆኖም እጅ የማይስታቸው ምልክቶች አሉ። እንዲህ ያለ ታማሚ በጀርባው ሲተኛ ወገቡ ከአልጋው ከፍ ብሎ ስለሚቀር የሐኪም መዳፍ ከሥሩ በቀላሉ ያልፋል፤ ሆዱ ሲዳሰስ እንደ ሳንቃ የጠጠረ ነው፤ ጎንበስ በል ሲባል ከዳሌው እንጂ ከወገቡ አይታጠፍም፤ እንቅልፍ ሲወስደው ግን ድርቀቱ ሁሉ ይለቃል። የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ ሲደረግ፣ ታማሚው ዘና ለማለት እየሞከረ እንኳ ጡንቻው ያለማቋረጥ ሲሠራ ይታያል። ወረቀቱ ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ መጥቶ እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ እኔ ስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም ነው አልልም፤ ምልክቶቹ ካሉ ደግሞ ፀረ-አካሉ ባይገኝም፣ ከሕሙማኑ ውስጥ በማይናቅ ቁጥር ላይ ስለማይገኝ፣ ሕክምናውን አልከለክልም።

በእኛ አገር ከዚህ ጋር ሊምታታ የሚችል አንድ ሕመም መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ እሱም በድምፅና በንክኪ ያስገትራል። ይሁን እንጂ መንጋጋ ቆልፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚከፋ አጣዳፊ ሕመም ነው፣ አፍንም ይቆልፋል፤ ይኛው በወራትና በዓመታት የሚያድግ ሲሆን መንጋጋን ብዙውን ጊዜ አይነካም። «ድንጋጤ ነው ያመጣባት» የሚለው የጎረቤት አስተያየትም ግማሽ እውነት አለው። ድንጋጤ ግትርታውን ይቀሰቅሳል፤ ሕመሙን ግን አልፈጠረውም። ጸበል መሄዳቸውን እኔ አልቃወምም፤ የምለምነው ድንገት የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ግትርታ ሊያስነሳ ስለሚችል ሰው ደግፎ እንዲይዛቸውና መድኃኒታቸው እንዳይቋረጥ ነው።

ሌላ ሕመም ይጨመር ይሆን ወይ ላሉት፣ መቼም አይጨመርም ብዬ ቃል አልገባም፤ ግን የምንጠብቃቸው ጥቂት ናቸው። ከሁሉ በላይ የምከታተለው የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ነው። መከላከያ ሥርዓቱ የጨጓራን ግድግዳ ሲያጠቃ ቢ12 ከምግብ መመጠጡ ይቆማል፤ ይህ የደም ማነስ ዓይነት ከታይሮይድና ከለምጽ ጋር አብሮ እንደሚሄድ የታወቀ ነው፣ በስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም ሕሙማንም ላይ ይታያል። ችግሩ በእኛ ዘንድ ሌሎችም ምክንያቶች ስላሉት መሸፋፈኑ ነው። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ስለሆነ፣ የዓመቱን ግማሽ ያህል የሚጾምና በፍስኩም ጊዜ እነዚህን እምብዛም የማያገኝ ሰው ያለ ምንም የመከላከያ ሥርዓት ሕመም ሊያንሰው ይችላል። እግር መደንዘዝና በጨለማ ሲራመዱ መንገዳገድ ከመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው «የስኳሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቢ12 ሳይተካ ከቆየ የሕብለ ሰረሰር ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ርካሽ መርፌ ነው። ስለዚህ የእህትዎ የደም ቆጠራና የቢ12 መጠን በዓመት አንድ ጊዜ እንዲታይ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ብርቅ ቢሆንም ገዳይ ስለሆነ አልዘለውም፤ እሱም ከኩላሊት በላይ የሚገኘው የአድሬናል ዕጢ መዳከም ነው። ስኳርና ታይሮይድ ባለበት ሰው ላይ ይህ ሦስተኛ ሆኖ ሲመጣ ምልክቱ ስውር ነው። ኢንሱሊኑ ሳይጨመር ስኳሩ በተደጋጋሚ ይወርዳል፣ ታማሚው ይከሳል፣ ሲነሳ ያዞረዋል፣ ጨው ጨው ያሰኘዋል፣ የመዳፉ መስመሮችና ድዱ ይጠቁራሉ። የስኳሩ መውረድ እንደ መሻል ተቆጥሮ ቤተሰቡ ሊደሰት ይችላል፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። በእኛ አገር ይህን ዕጢ የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስም ሊያወድመው ስለሚችል ምክንያቱ በደንብ መጣራት አለበት። የዕጢው ድካም ሳይታወቅ የሌቮታይሮክሲን መጠን ቢጨመር ታማሚውን ራሱን ወደሚያስት አደጋ ሊከት ይችላልና፣ እነዚህ ምልክቶች ሲኖሩ መጀመሪያ ዕጢው የሚያመርተው ሆርሞን፣ የኮርቲሶል ምርመራ ይቅደም።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። የስንዴና የገብስ ግሉተን የማይስማማው የአንጀት ሕመም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጤፍ እንዲህ ያለ ግሉተን ስለሌለው ሐኪም ከስንዴና ከገብስ እንዲርቅ ያዘዘው ሰው የጤፍ እንጀራ መብላት ይችላል፣ የገበያ ዱቄት ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር የተቀላቀለ እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቅ። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻን የሚያዝል ሕመምም አንዳንዴ ይደረባል፤ ዐይን ቆብ ከወደቀ፣ ሁለት ሁለት ከታየ ወይም መዋጥ ካስቸገረ በፍጥነት ይንገሩን፣ ምክንያቱም እህትዎ የሚወስዱት ዲያዜፓም እንዲህ ባለ ሰው ላይ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ካንሰርን የሚከተል የስቲፍ ፐርሰን ዓይነትም አለ፤ እሱ ግን አምፊፋይሲን በሚባል ሌላ ፕሮቲን ላይ በሚነሳ ፀረ-አካል የሚታወቅ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከጡት ካንሰር ጋር ይገናኛል፣ አንገትና ክንድንም ያደርቃል። የእህትዎ ሁኔታ ይህን አይመስልም፤ ቢሆንም በ44 ዓመታቸው ጡታቸውን በሐኪም ማስመርመራቸው ለማንኛውም ተገቢ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመደራረብ ገጽታ የአንዱ ሕክምና ሌላውን መንካቱ ነው። በደብዳቤዎ እህትዎ ሲገተሩ እንደሚያልባቸው፣ ልባቸው እንደሚመታና አንዳንዴ «ስኳሯ ወረደ» ብላችሁ ስኳር በጥብጣችሁ እንደምታጠጧቸው ገልጸዋል። ሁለቱ በእርግጥ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ መለኪያዋን ከአጠገብ አኑሩ፤ በተገተሩ ጊዜ ጣታቸውን ወግታችሁ ለኩ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ የስኳር መውረድ ነውና ስኳር ይሰጥ፤ መዋጥ ካልቻሉ ግን በአፋቸው ምንም ሳትጨምሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። ቁጥሩ ደህና ከሆነ የጡንቻው ግትርታ ነውና ጸጥ ያለ ክፍል፣ ቀስ ያለ ንግግርና ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ይበቃል። ታይሮይዱም በጡንቻው ላይ እጁ አለበት፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ጡንቻን ያሳምማል፣ ያደርቃልም፤ ሲበዛ ደግሞ ልብን ያስመታል፣ ድንጋጤንም ያብሳል። ጅማ ላይ ቡና ሳይጠጣ ቀን እንደማይጀመር አውቃለሁ፤ ቡና ግን ሌቮታይሮክሲን እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ ክኒኑ በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ተውጦ ቡናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ።

መከላከያ ሥርዓቱን የሚያረግበው ፕሬድኒሶሎን እንዲጀመርላቸው ምክር እንደተሰጣችሁም ጠቅሰዋል። እኔ በዚህ አልቸኩልም። ኢንሱሊን በሚወጋ ሰው ላይ ስኳሩን ከቁጥጥር ውጭ ሊያወጣ ይችላል፤ በዚያ ላይ እንደ ጅማ ባለ ሞቃትና ርጥብ አካባቢ ከአፈር በእግር ቆዳ የሚገባ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ይኖራል፣ ይህ ትል ፕሬድኒሶሎን በሚወስድ ሰው ውስጥ መላ ሰውነት ላይ ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። የሰገራ ምርመራም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የግድ ከተጀመረ ቀድሞ የትሉ ሕክምና ይሰጥ፣ የሳንባ ነቀርሳም ይጣራ። በደም ሥር የሚሰጠው ኢሚውኖግሎቡሊን በ2001 በ16 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ድርቀቱን እንደሚያላላ ታይቷል፤ ዋጋው ከባድ ነው፣ ማግኘቱም ቀላል አይደለም። ከተገኘ ግን ሁለት ነገር አይረሳ። ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ ስለሆነ የሌሎችን ፀረ-አካላት ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ማንኛውም የፀረ-አካል ምርመራ ከመድኃኒቱ በፊት ይወሰድ። አንዳንዱ ዝግጅት ማልቶስ የሚባል ስኳር ስላለበት ደግሞ አንዳንድ የስኳር መለኪያዎች ላይ የሐሰት ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል፤ ያንን ተከትሎ ኢንሱሊን መጨመር አደገኛ ነው። መከላከያ ሥርዓቱን የሚገታው ሌላ መድኃኒት፣ ሪቱክሲማብ፣ በ2017 በታተመ የ24 ሕሙማን ጥናት ከማስመሰያው መድኃኒት ብልጫ ስላላሳየ መጀመሪያ የምመክረው አይደለም፤ የሚሰጥ ከሆነም የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ መቅደም አለበት።

ለጊዜው የእህትዎ ሕክምና ምሰሶ የጋባን ሥራ የሚያግዙት ዲያዜፓምና ባክሎፌን ናቸው፤ መጠናቸው በዝግታ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከተለመደው የዲያዜፓም መጠን ከፍ ማለቱም ለዚህ ሕመም እንግዳ አይደለም። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ «ይህ ይበዛል» ብሎ ቢቀንስባችሁ ማዘዣውን ከጻፈው ሐኪም ጋር በስልክ አገናኙት። ሁለቱም በድንገት ከተቋረጡ ግትርታውን በከፋ መልኩ ይመልሳሉ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ የያዙት ሊያልቅ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቀጣዩ ይገዛ። የነርቩን፣ የስኳሩንና የታይሮይዱን ክትትል በሦስት ካርድ ከመያዝ ይልቅ የአራቱም ሕመሞች ስምና የመድኃኒቶቹ መጠን በአንድ ወረቀት ተጽፎ በቦርሳቸው ይሁን፤ በሌላ ምክንያት ተኝተው ቢታከሙ ተረኛው ሐኪም ዲያዜፓሙን ሳያውቅ እንዳያቋርጥባቸው። ልጃቸውን በሚመለከት የታይሮይድ ምርመራ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ይደረግላት፤ የነርቭ ሐኪም ጋ ልትመጣ የሚገባት ከላይ የጻፍኩት የወገብና የሆድ ድርቀት በእርግጥ የታየባት ቀን እንጂ አሁን አይደለም።